ሃይሩፏን ለሁለት ሌሊት ቤት ማድረግ፦ ዓባይ ዳር ልጆች ይዞ ማደር ይቻላል ወይ?

የባቢ አባት፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምጠይቀው ነገር ሊያስቃችሁ ይችላል፤ ሳቁና መልሱልኝ።

የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ከወንድሜ ጋር በጋራ የያዝናት አንዲት ሃይሩፍ አለች። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሠራተኛ ሰርቪስ ትሠራለች፣ ቅዳሜና እሁድ በር ላይ ቆማ ትውላለች። ልጆቹ ደግሞ ሰሞኑን ስልክ ላይ አርቪ የሚባሉትን መኪኖች ማየት ጀምረዋል። አልጋ ያለው፣ ምድጃ ያለው፣ ሽንት ቤት ሳይቀር የተገጠመለት፣ ቤተሰብ ሙሉ ጭኖ ወንዝ ዳር ሄዶ የሚያድር መኪና። ትልቁ ልጄ ባቢ አንድ ቀን ሃይሩፏን ዞር ዞር ብሎ አየና «አባዬ፣ የኛዋስ ምን ጎደላት?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ስለዚህ ኅዳር ላይ፣ ጾሙ ሳይገባ፣ ዓርብ ከሰዓት ወጥተን እሁድ ለመመለስ አስበናል። ስድስት ነን፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆች (11፣ 8 እና 4 ዓመት) እና አማቴ። እማማ መጀመሪያ ላይ «ቤት እያለ መኪና ውስጥ ማደር ምን የሚሉት ቅብጠት ነው» ብለው ሰፈር ሲያስረብሹ ነበር፤ አሁን ጀበናውን ማን እንደሚይዝ እየጠየቁ ነው።

ሦስት ቦታ አስቤያለሁ። አንዱ እዚሁ ቅርብ፣ ከቤዛዊት በታች ዓባይ ዳር። ሁለተኛው ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ፣ ውሃው አጠገብ ደልዳላ ሜዳ ካገኘን እዚያው። ሦስተኛው ጉማራ፣ ከሐሙሲት ወዲያ ወረታ ሳይደረስ፣ ድልድዩን ስሻገር ሁሌ የማየው አሸዋ ላይ። ወንበሮቹን ነቅዬ ፍራሽ ላንጥፍ ወይስ እንዳለ ልተወው? ለመታጠቢያ የወንዙ ውሃ ይበቃናል ብዬ ነው፣ ተሳስቼ ይሆን? ደግሞ ስለ ጉማሬ ብዙ ነገር ይወራል። ያደረ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ዶልፊን ነጂ፦

ወንድሜ፣ ሐሳብህን ወድጄዋለሁ። እኔ በድሮዋ ዶልፊን ከነቤተሰቤ አራቴ አድሬባታለሁ፣ እና ከወንበሩ ልጀምርልህ።

ሁሉንም እንዳትነቅል። የኋላዎቹን ሁለት ረድፍ ብቻ ንቀል። ልጆች መኪናው እየሄደ ፍራሽ ላይ ተጋድመው እንዲሄዱ ፈጽሞ አትፍቀድ፤ አንድ ፍሬን በቂ ነው። ገቢናውና መካከለኞቹ ወንበሮች ለስድስት ሰው ይበቃሉ። ብሎኖቹ ዝገው ስለሚጠብቁ ሐሙስ ማታ ዘይት አጠጣቸውና አሳድራቸው። የኔ ላይ በአንድ ወንበር አራት አራት ነው፣ ሁለት ረድፍ ስምንት ማለት ነው። ስምንቱንም ቆርቆሮ ውስጥ ክተትና ቆርቆሮውን ራስህ ያዝ፣ ለልጅ እንዳትሰጥ። ደግሞ እሁድ ማታ መልሰህ እሰር። ለዘለቄታው ነቅለህ ከተውከው ዓመታዊ ምርመራ ላይ ሊብሬው የሚለውና መኪናው ውስጥ ያለው ወንበር አልገጥም ይልና ሌላ ጣጣ ነው።

ወለሉ ላይ የጎማው ጉብታ አለ፣ በሁለት በኩል። ስፖንጁን እሱ ላይ ብታነጥፈው ጠዋት ጎንህ ተሰብሮ ነው የምትነሳው። ጣውላ አጋድምበትና ከላይ ስፖንጅ አድርግ። ሴቶቹና ልጆቹ ውስጥ ያድሩ። አንተ ከፖርቶመጋላው ሸራ ወጥረህ ከሥሩ ድንኳን ትከል፤ ያቺ ሸራ ቀን ሳሎን፣ ማታ መኝታ ትሆንልሃለች። ስትቆም ደግሞ መሬቱ ለዓይን ደልዳላ መስሎህ እንዳትታለል፤ ፕላስቲክ ጠርሙስ ወለሉ ላይ አጋድመህ ወዴት እንደሚንከባለል እይ። ከዚያ ዝቅ ባለው ጎማ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገብተህ፣ ማርሽ አስገብተህ፣ እጅ ፍሬን ይዘህ፣ በሁለት በኩል ታኮ አድርግ። እግራችን ከፍ ራሳችን ዝቅ ብሎ ያደርንባት ሌሊት መቼም አትረሳኝም።

ባትሪውን አደራ። የመጀመሪያው ጉዟችን ላይ የውስጥ መብራት አብርተን፣ ሙዚቃ ከፍተን፣ የሁሉንም ስልክ ሰክተን አመሸን። ጠዋት ቁልፉን ሳዞረው «ጥክ» አለችና ዝም። ስድስት ገበሬ ነው ከእርሻቸው ተጠርተው መጥተው የገፉኝ፣ የሳቁትን ሳቅ ተወው። በቻርጅ የሚሠራ አምፖል ይዘህ ሂድ፣ የመኪናውን መብራት እርሳው።

ነርስ ነኝ፦

እኔ ስለ መኪና አላውቅም፣ ግን «የወንዙ ውሃ ይበቃናል» የሚለው ላይ ነው ዓይኔ የቀረው።

ጣና ዳርና ዓባይ ዳር ቢልሃርዚያ አለ። ከውሃው ዳር፣ ሣርና ቄጤማ ካለበት፣ ቀስ ብሎ ከሚሄደው ውሃ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ናቸው ትሉን የሚያራቡት። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ነገር በዓይን አይታይም፣ በደቂቃዎች ውስጥ በቆዳ ይገባል፣ ደግሞ በብዛት የሚወጣው ቀን ላይ ነው፣ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ማለትም ልጆች መንቦጫረቅ በሚያምራቸው ሰዓት። መጠጣት አያስፈልግም፣ እግር መንከር ይበቃል። ስለዚህ መታጠቢያም ማጠቢያም ከቤት በጀሪካን ይሂድ። ለስድስት ሰው ለሁለት ቀን አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያዙ፣ መጠጡ ለብቻ። ካለቀባችሁና የግድ ከወንዝ ከቀዳችሁ አፍሉት። የገባ ልጅ ካለ ወዲያው አትደናገጡ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይታችሁ ሰገራ አስመርምሩ፤ መድኃኒቱ አለ፣ ፕራዚኳንቴል ይባላል።

ኅዳር ደግሞ የወባ ወር ነው። ዝናቡ ሄዶ ውሃው ያቆረበት ጊዜ። አጎበር ለውስጥም ለድንኳኑም። ልጆቹ ከ12 ሰዓት ጀምሮ ረጅም እጅጌና ካልሲ። ከተመለሳችሁ በኋላ ማንም ሰው ትኩሳት ቢጀምረው «ድካም ነው» አትበሉ፣ ይመርመር።

የመጨረሻው ከሁሉም ይብሳል። ሌሊት ይበርዳል፣ አንድ ሰው ተነስቶ የቡናውን ከሰል «ትንሽ ሙቀት ይስጠን» ብሎ ወደ መኪናው ያስገባል። እንዳታደርጉት። ጢስ የሌለው የሚመስለው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው የሚያወጣው፣ ሽታ የለውም፣ የተኛ ሰው አይነቃም። በር ዘግቶ ከሰል አንድዶ የተኛ ቤተሰብ ታሪክ በያመቱ እንሰማለን፣ መኪና ደግሞ ከቤት ይጠባል። መስኮት ከፈት ብናደርግስ እንዳትሉኝ። ብርድ ልብስ ጨምሩ።

የባቢ አባት፦

እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ስለ ከሰሉ በእውነት አስቤው ነበር። አንድ ችግር አለብኝ፦ እማማ ዓባይ ድረስ ሄጄ ፊቴን ሳልታጠብበት አልመለስም ብለዋል። ምን ልበላቸው?

ነርስ ነኝ፦

ከወንዙ ቀድተህ አፍላላቸው፣ በርዶ ይታጠቡበት። ዓባይነቱ አይጠፋም።

የፎገራ ልጅ፦

ጉማራ ስትል ነው ተነስቼ መጻፍ የጀመርኩት። እኔ ያደግኩት እዚያ ነው።

ያ የምታየው አሸዋ ቆንጆ ነው፣ አልክድም። በጋ ላይ ልጆች ሆነን እዚያ ነበር የምንውለው። ግን አሸዋውን ያመጣው ማን መሰለህ? ውሃው ነው፣ በፈለገ ጊዜ ደግሞ ተመልሶ ይመጣበታል። ጉማራም ርብም ከጉና ነው የሚነሱት። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ እዚያ ላይ ዝናብ ሲጥል ፎገራ ሜዳው ላይ ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ደራሽ ይመጣል። እኔ ያየሁት አንዴ ሚያዝያ ላይ ነው። መጀመሪያ ውሃው ጠየም አለ። ከዚያ ቅጠልና ጭራሮ ተንሳፍፎ መጣ፣ ከዚያ እንደ ብዙ ከብት ኮቴ ያለ ድምፅ። አባቴ «ውጡ!» ብሎ ሲጮህ ልብሳችንን እንኳ አላነሳንም። በሬ የሚያህል ግንድ እኛ ከተቀመጥንበት ላይ ሲያልፍ ከላይ ሆነን አየነው። ኅዳር ላይ ይህ ብዙ አይገጥምም፣ ግን ተኝተህ ሳለ የውሃውን ቀለም ማን ያይልሃል?

ሌላው ዋልካው ነው። ፎገራ መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፣ ሲደርቅ ሲሚንቶ ይመስላል፣ ትንሽ ካፊያ ከነካው ሃይሩፍህ እስከ ሆዷ ትገባለች። ከዋናው መንገድ ሁለት መቶ ሜትር ወጥቶ የቀረ አይሱዙ በአራት ጥማድ በሬ ሲጎተት አይቻለሁ።

እኔን ከሰማኸኝ ውሃው ዳር ዋልና ከፍታው ላይ እደር። ሜዳም ስታገኝ ባለቤት የለውም ብለህ አትቁም፣ እዚህ አገር ባለቤት የሌለው ሜዳ የለም፣ ወይ የግጦሽ ነው ወይ የሰው ነው። ቀድመህ አንድ ቀን ሂድ፣ ባለ መሬቱን አግኝ፣ «ልጆቼን ይዤ ግቢህ ውስጥ ሁለት ሌሊት ልደር» በለው። እምቢ የሚል አላየሁም። ስኳርና ቡና ይዘህ ሂድ። ለቀበሌውም ይነገር፣ ሌሊት የማይታወቅ መኪና ቆሞ ሲታይ ሰው ይሰጋል። መንገዱንም የዚያን ዕለት ጠዋት ከሹፌሮች ጠይቅ፣ ሰላም ነው ካሉህ ውጣ፣ ካላሉህ ሌላ ቅዳሜ አለ። ከ12 ሰዓት በኋላ መንገድ ላይ አትገኝ።

ቁጥር ሰባት፦

ይህን ሁሉ ከምትለፉ ሆቴል ያዙና ልጆቹን መኪናው ውስጥ አንድ ሰዓት አስተኟቸው 😂

ጀልባ ነጂው፦

ሰላም ልጆች። ሐይቁ ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ስለ ጉማሬ የተጠየቀው ስላልተመለሰ ነው።

ከቤዛዊት በታች የተባለውን ተወው። ዓባይ ከጣና ሲወጣ ያለው አካባቢ የጉማሬ ቤት ነው፤ ቱሪስት ሲመጣ እዚያ ነው የምንወስደው። ቀን ውሃ ውስጥ ናት፣ ጆሮና አፍንጫ ብቻ ነው የምታየው። ሲመሽ ግን ለግጦሽ ትወጣለች፣ ሳር እየጨረገደች ሩቅ ትሄዳለች፣ ሲነጋጋ ትመለሳለች። የምትሄድበት መንገድ ሁሌ አንድ ነው። ዳር ዳሩን ስትሄድ ሣሩ መሐል ሁለት ጎን ለጎን የሆኑ ቦዮች ካየህ፣ በመካከላቸው ሣር የቀረበት፣ የጋሪ መንገድ የመሰለ ግን ቀጥ ብሎ ውሃ ውስጥ የሚገባ፣ እሱ የሷ ነው። እዚያ ላይ ድንኳን የተከለ ሰው መንገድ ዘግቷል ማለት ነው። ዋናው ነገር በሷና በውሃው መካከል አለመገኘት ነው። ከባድ ስለሆነች ቀርፋፋ እንዳትመስልህ፣ ሰው አያመልጣትም። ሌሊት ለሽንት የሚወጣ ሰው መብራት ይዞ ይውጣ፣ ወደ ውሃው ሳይሆን ወደ መኪናው ጀርባ።

ጢስ ዓባይን ልጆቹ ማየታቸው አይቀርም፣ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ነሐሴና መስከረም ላይ እንደሚታየው አትጠብቁ። ከሐይቁ መውጫ ላይ ጨራ ጨራ ግድብ ውሃውን ይቆጣጠራል፣ ፏፏቴው አጠገብ ያሉት የመብራት ጣቢያዎችም ይወስዱበታል፣ በዚያ ላይ ጣና በለስ በ2002 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የሐይቁ ውሃ ብዙው በምዕራብ በኩል በዋሻ ወደ በለስ ይሄዳል። ኅዳር ላይ ጭሱ እንደ ዕድላችሁ ነው። የግድቡ በር እንደሚከፈትና እንደሚዘጋም አስታውሱ፣ ከታች ዓባይ ውስጥ ድንጋይ ላይ ቆመው የሚጫወቱ ልጆች ውሃው እንደነበረ ይቆያል ብለው እንዳይተማመኑ።

አርቪ የነዳሁት፦

እኔ ያለሁት ዴንቨር ነው፣ ባለፈው በጋ እውነተኛ አርቪ ተከራይተን ከሁለት ቤተሰብ ጋር ወንዝ ዳር ሄደን ነበር። ልጆችህ ያዩት ቪዲዮ ላይ የማይታየውን ልንገርህ።

ማደሪያው የተከለለ ነው፣ ቁጥር ተሰጥቶህ ነው የምትቆመው። በየቁጥሩ የመብራት ሶኬትና የውሃ ቧንቧ አለ፣ ገመዱንና የውሃ ጎማውን ሰክተህ ትገባለህ። እስከዚህ ምቾት ነው። ከመኪናው ሥር ግን ሁለት ጋን አለ፣ አንዱ የዕቃ ማጠቢያና የገላ ውሃ፣ ሌላው የሽንት ቤቱ። እሁድ ጠዋት ከመሄድህ በፊት ሁለተኛውን ራስህ ነህ በቱቦ የምታፈሰው። እኔ ቱቦውን በደንብ ሳላጠብቅ ከፈትኩት። ከዚህ በላይ አልናገርም፣ ጫማዬን እዚያው ጥዬ ነው የመጣሁት።

ስለዚህ ካንተ ዝርዝር ውስጥ የጎደለው ሽንት ቤት ነው። ክዳን ያለው ባልዲ ግዛ፣ ከአናጺ ቤት አንድ ጆንያ ሰጋቱራ ውሰድ። ሰው በተጠቀመ ቁጥር አንድ እፍኝ ሰጋቱራ ከላይ። ሽታ የለም፣ ዝንብ የለም። ስትመለስ ከወንዙ ርቀህ ጥልቅ ጉድጓድ ትቀብረዋለህ። በአንሶላ ትንሽ ክፍል ከልልላቸው፣ እማማ ያመሰግኑሃል።

የባቢ አባት፦

ተመልሰናል። ሁላችሁንም ስላስቸገርኳችሁ ሪፖርት አለብኝ።

ጉማራን ተውኩት፣ ቤዛዊትንም ተውኩት። የወንድሜ የቀድሞ ደንበኛ የሆነ ገበሬ ወደ ጢስ ዓባይ መንገድ ላይ ማንጎ ያለው ሰፊ ግቢ አለው፣ ከዓባይ ወደ ሦስት መቶ ሜትር ከፍ ብሎ። ሐሙስ ሄጄ ጠየቅኩት። «ልጅ ይዞ ለሚመጣ ሰው ደግሞ ይጠየቃል?» አለኝ። ስኳሩን ሚስቱ ተቀበለችኝ፣ ቡናውን ግን «እኛ ነን የምናፈላው» ብላ መለሰችው። እማማ በዚህ ተቀየሙ። ጀበናቸውን ያን ሁሉ መንገድ ተሸክመው መጥተዋል። በኋላ ተስማሙ፣ ጠዋት የእማማ፣ ማታ የእሷ።

ጋሼ ጀልባ ነጂ፣ ያሉኝን ሁለቱን ቦይ ቅዳሜ ጠዋት ባቢ ራሱ ነው ያገኘው። ልክ እንዳሉት ነው፣ በመካከሉ ሣር ቀርቷል፣ ጭቃው ላይ ደግሞ አራት ጣት ያለው ዱካ፣ የትንሿ ልጄ ሳህን የሚያህል። ሌሊቱን ድምፃቸውን ሰምተናል፣ ከሩቅ፣ አንድ ሽማግሌ ተንከትክቶ የሚስቅ ይመስላል። የ4 ዓመቷ «ማነው የሚስቀው?» አለች። እማማ «ተኚ፣ እሱም አማቹ መኪና ውስጥ አስተኝቶት ነው» አሏት።

ስህተቶቻችን። አንደኛው መስኮት ነው፣ ማንም አልነገረኝም። ቢምቢ እንዳይገባ ብለን ጥርቅም አድርገን ዘጋነው፣ አምስት ሰው ሲተነፍስ አድሮ ጠዋት ጣራው ይንጠባጠባል፣ ብርድ ልብሱ ሁሉ ረጥቧል። ሁለተኛው ሌሊት በሁለት በኩል መስኮት ከፈት አድርገን አጎበሩን በልብስ መቆንጠጫ ወጠርንበት፣ ደረቅ አደርን። ውሃውም ቅዳሜ ማታ አለቀ፣ አንዱን ጀሪካን የ8 ዓመቱ ልጄ መኪና ሲያጥብበት ደረስኩበት። ሽንት ቤቱ ተሳካ፤ የዴንቨሩ ወንድሜ፣ ሰጋቱራው ተአምር ነው፣ ባለቤቱ ገበሬ እንኳ ጆንያውን ትተህልኝ ሂድ አለኝ።

ቆሮሶ ከአጥማጆች ገዝተን ማንጎው ሥር ጠበስን። ፏፏቴው ቀጠን ያለ ነበር፣ ልጆቹ ግን ሌላ ጊዜ ስላላዩት እሱም በዝቶባቸው አፋቸውን ከፍተው ቆሙ። እማማ ፈልቶ በቀዘቀዘ ዓባይ ፊታቸውን ታጠቡ፣ የተረፈውን በጠርሙስ ይዘው መጡ። ለማን እንደሆነ አልነገሩንም።

ዶልፊን ነጂ፦

ደስ ሲል! ብሎኖቹስ?

የባቢ አባት፦

ሰባት።